ጫፉን ያዢልኝ

የበደለችኝ አበልጄ ናት። ጊዜው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ ቅዳሜ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስሟን አልጽፍም። ስም ሳይጽፉ ማለፍን ያስተማረችኝ እሷ ስለሆነች፣ ትምህርቷ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ካርቱም ውስጥ በአንዲት ክፍል አራት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ፍራሹ አንድ፣ ባልዲው አንድ፣ ማራገቢያው አንድ፣ እሱም መብራት ሲኖር። ወደ ዴንቨር የመጣነውም በአንድ አውሮፕላን ነው። ያረፍንበት ማረፊያ ዛሬ ፈርሶ ሴንትራል ፓርክ የሚባል የቤቶች ሰፈር ሆኗል። እኔ ኦሮራ ቀረሁ፤ አበልጄ ግን ከዓመታት በኋላ ተመልሳ እዚያው ቤት ገዛች። እንደ እኔ ግምት ሳሎኗ ያለው ወረቀታችንን የያዘውን ፌስታል አንገታችን ላይ አንጠልጥለን የወረድንበት ቦታ አካባቢ ነው። ይህን አንድ ቀን እንግዶች ባሉበት ብነግራት፣ «አንቺ ደግሞ የማይረሳ ነገር አይጠፋሽም» አለችኝና ጫማዬን በር ላይ እንዳወልቅ በዓይኗ አሳየችኝ። ምንጣፏ ነጭ ነው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። አብራኝ የምትሠራው ከኦምዱርማን የመጣች ሱዳናዊት ነበረች። የምንነጋገረው በዓረብኛ ነው፤ የእኔ ዓረብኛ የካርቱም ገበያ ዓረብኛ ስለሆነ የሚያገለግለው ለቲማቲምና ለፖሊስ ብቻ ነው። ቢሆንም አሥራ አንድ ዓመት ተግባብተንበታል።

ትልቅ አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነው። አንዷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋም ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፤ ይወጥሩታል፣ ከዚያ ተጠጋግተው ጫፍ ከጫፍ ያገናኛሉ፣ ይራራቃሉ፣ እንደገና ይጠጋጋሉ። በቀን ከሁለት መቶ የማያንስ አንሶላ ሲታጠፍ መጠጋጋቱና መራራቁ በራሱ ጭፈራ ይሆናል። ሦስተኛው ድራየር፣ የልብስ ማድረቂያው ማሽን፣ ደግሞ አንካሳ ነበር፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ይመታና ሦስተኛው ላይ ይዘገያል። ይጠገን ብለን ብዙ ጊዜ አመልክተናል። ሳይጠገን ሲቀር ዘፈን አወጣሁለት።

ነጩን እጠፊው፣ ጫፉን ያዢልኝ፣
ነይ ወደኔ፣ ራቂ ከኔ፣ ተመልሰሽ ነይልኝ።

ግጥሙ ይኸው ነው። ከዚህ የሚወጣ ጥልቅ ነገር የለም፤ አንሶላ ነው። ሌሎቹ ስንኞች ስለ ሽንት ሽታና ስለ ተቆጣጣሪያችን ስለሚያወሩ እዚህ አልጽፋቸውም። ዜማው ግን ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስንት ሰው የእኔ ነው እንዳለው ስላየሁ ነው።

ውድድሩን ያመጣው ከተማው ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች እዚህ አካባቢ በዝተናልና እርስ በርስ እንድንዋደድ በማሰብ፣ እያንዳንዱ አገር አንድ ዘፈን ይዞ ቀርቦ የሚፎካከርበት በዓል ተዘጋጀ። ሰዎች እንዲዋደዱ የሚያወዳድራቸው አሜሪካዊ ብቻ ነው። ደንቡ ቀላል ነበር፤ ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፣ አንድ አገር ለራሱ ድምፅ አይሰጥም፣ የደራሲው ስም በማመልከቻው ላይ ይጻፋል፣ ደራሲው የማይታወቅ ጥንታዊ ዜማ ከሆነ ግን «የሕዝብ» ተብሎ ይሞላል።

የእኛ ሰዎች ኮሚቴ አቋቋሙ። ስብሰባው ሃቫና መንገድ ላይ ባለ ምግብ ቤት የጓሮ ክፍል ነበር። አበልጄ ጸሐፊ ሆነች፤ ጽሕፈቷ ያምራል። ሊቀመንበሩ ሁሉም «ዶክተር» የሚለው ሰው ነበር። ዶክትሬቱ የአፈር ነው፤ ስለ አፈር ሲናገር ግን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። እኔን የጠራችኝ አበልጄ ናት፤ ለምን እንደጠራችኝ የገባኝ በኋላ ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀው ሦስት ደቂቃው ነው። አንዱ፣ «የእኛ ዘፈን እኮ በሦስት ደቂቃ መግቢያው እንኳ አያልቅም» አለ። ሌላው፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ክልል በልብሱና በጭፈራው እንዲታይ ጠየቀ፤ ለእያንዳንዱ ስንት ሰከንድ እንደሚደርሰው በስልኩ ካልኩሌተር ማስላት ሲጀምር ዶክተሩ ስልኩን እንዲያስቀምጥ ለመነው። ፕሮቴስታንቱ አባላችን፣ ጨዋ ሰው ነው፣ እጁን አወጣና፣ «እኔ ለዘፈን ድምፅ መስጠት አልችልም፤ እምነቴ አይፈቅድም። የሕዝብ ባህል ከሆነ ግን ባህል ነው፤ ዘፈን አይደለም» አለ። አበልጄ ይህን በደብተሯ ስትጽፍ አየኋት።

ከዚያ ዶክተሩ ዋናውን ነገር አመጣው። «ዓላማችን» አለ፣ «ከጎረቤቶቻችን የምንለይበትን ማሳየት ነው። በተለይ ከሱዳን። ቅኝታችን ይመሳሰላል እየተባለ ይወራል፤ ይህ መታረም አለበት።»

«ከሱዳን ጋር ደግሞ ምን አገናኘን!» አለች አበልጄ።

ዞሬ አየኋት። ካርቱም እያለን በየሰርጉ ያለ እሷ የሱዳን ዘፈን አይደምቅም ነበር። ትከሻዋን ሳይሆን እንደ እነሱ አንገቷን ነበር የምትሰብቀው፤ የሙሽራው አክስቶች የራሳቸው ልጅ መስላቸው ቡኩር የሚሉትን ዕጣናቸውን ያጥኗት ነበር። ዛሬም ቤቷ ሲኬድ ቅዳሜ ቁርሱ ፉል ነው፤ ሱዳን ውስጥ እንደተማረችው በጠርሙስ ቂጥ ደቁሳ ነው የምታቀርበው። ከሱዳን ጋር ግን የሚያገናኛት ነገር የለም።

«አበልጄ» አለችኝ ያን ጊዜ፣ «እስቲ ያቺን የአንሶላ ዘፈንሽን በያቸው።»

ዘፈንኩላቸው። ጠረጴዛውን በእጄ እየመታሁ፣ ድራየሩ እንደሚያነክሰው እያነከስኩ። ስጨርስ ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ይህ ጥንታዊ ነው» አለ።

«ጥንታዊ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት። መጦሪያው ውስጥ።»

«እትዬ» አለኝ በጣም በትሕትና፣ «እንዲህ ያለ ዜማ አንድ ሰው አያወጣውም። እርስዎ ሳያውቁት ከእናትዎ ሰምተውት ይሆናል።»

«እናቴ ድራየር አልነበራትም።»

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ይህ ጥፋቴ ነው። ሌላም ጥፋት አለኝ፤ እሱን በቦታው እናገራለሁ።

መድረክ ላይ የምወጣው ግን እኔ እንዳልሆንኩ የነገረችኝ አበልጄ በስልክ ነው። «ስቴጅ ላይ የሚፈለገው ወጣት ነው። አንቺ ደግሞ ጉልበትሽን ያምሻል» አለች። ዘፈኑ በጉልበት እንደሚዘፈን ያኔ ነው ያወቅኩት። ዘፋኟ ልጇ፣ ማለት የእኔው የክርስትና ልጅ ሆነች፤ እኔ ደግሞ «አማካሪ»። ልጅቷን ስለምወዳት ተቀበልኩ። ድምፅ አላት። የሌላት አማርኛ ነው።

ለሦስት ሳምንት እየነዳች ቤቴ ትመጣ ነበር። መጀመሪያ ላይ «እጠፊው» ማለት አልቻለችም፤ «እትፊው» ነው የምትለው። አንዲት ወረቀት ከአፏ ፊት ለፊት ያዝኩላትና፣ «ተ ስትይ ወረቀቱ ይርገበገባል፤ ጠ ስትይ ቀጥ ብሎ ይቆማል» አልኳት። ሁለት ቀን ወረቀት ስናርገበግብ ቆየን። በሦስተኛው ቀን ጠ ከነነፍሱ ወጣላት። በደስታ ብዛት አፏን ከመጀመሪያው በሰፊው ከፈተችና፣ «ነጩን አጥፊው!» ብላ ዘፈነች።

«አሁን ደግሞ አጥፊው አልሽ» አልኳት።

«ሴም ቲንግ አይደለም፣ አንቲ?»

«አይደለም። እጠፊው አንሶላ ነው። አጥፊው ማለት ነጩን ደምስሺው፣ አንድም እንዳይቀር ማለት ነው።»

«ኦ ማይ ጋድ። ዴሊት አደረግኩት?»

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የመኝታ ቤቴን አንሶላ አመጣሁና እያጠፍን ዘፈንነው፤ ነይ ሲል መጣች፣ ራቂ ሲል ራቀች። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜም አልተሳሳተችም። ነገር ግን የሳቅንበትን ልምምድ በስልኳ ቀድታ ለእናቷ ልካ ነበር፤ እናቷ ደግሞ ለዶክተሩ አስተላልፋዋለች።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ እያንዳንዱ አገር የራሱ ጠረጴዛና ባንዲራ አለው። እኛ ጋ የትኛው ባንዲራ ይሁን በሚለው ስላልተስማሙ ጠረጴዛችን ላይ የቆመው የአበባ ማስቀመጫ ነበር። ከኋላ ወንበር ሰጡኝ። በር ላይ የምትታደለውን መጽሔት ተቀብዬ የእኛን ገጽ ገለጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

የዘፋኟ ስም አለ። የዶክተሩ ስም «ጥናትና ትንታኔ» በሚል አለ። የአበልጄ ስም «አስተባባሪ» በሚል አለ። «ግጥምና ዜማ» ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው «የሕዝብ» ነው። ጽሕፈቱ ታትሞም የእሷ መሰለኝ።

እንዲህ ሲደርስብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። በልጅነቴ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ፤ በዚያ ዘመን ያልነበረ የለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አንድ የችግኝ ተከላ ዘፈን አወጣሁ። ክፍለ ሀገር ድረስ ተወስዶ ተወዳደረ፣ አሸነፈም። ካድሬው ማይክራፎኑን ይዞ፣ «ግጥምና ዜማ፣ ሰፊው ሕዝብ!» ብሎ አስተዋወቀ። እኔ መጋረጃ ጀርባ ከበሮ ይዤ ቆሜ ነበር። ሰፊው ሕዝብ ግጥም ሲጽፍ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ስጽፍ ግን ከጎኔ ቆማ ፋኖስ የያዘችልኝ ልጅ ነበረች። አበልጄ ናት። ያን ቀን ማታ ሳለቅስ፣ «አንድ ቀን በስምሽ ይጠራል፣ ታያለሽ» ያለችኝም እሷ ናት። አገር ለቀን፣ በረሃ አቋርጠን፣ ውቅያኖስ ተሻግረን፣ እኔን ከሰፊው ሕዝብ ጋር መልሳ ያገናኘችኝ እሷ መሆኗ ሳያስቀኝ አልቀረም።

የእኛ ተራ ሲደርስ የመድረኩ አስተዋዋቂ የዶክተሩን ትንታኔ በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመረች። ዘፈኑ ከቅድመ አያቶች ዘመን የወረደ መሆኑን ተናገረች። ሴቶች ዘማቾችን ሲሸኙ ይዘፍኑት እንደነበር ተናገረች። «ነጩን አጥፊው» ሲባል ነጩ ወራሪ ማለት እንደሆነ፣ በሴት አንቀጽ የተነገረውም አገር እናት ስለሆነች መሆኑን ገለጸች። ራሷ ነጭ ነበረች፤ ሳትንተባተብ ነው ያነበበችው። በመጨረሻም «ጫፉን ያዢልኝ» የሚለው ወደ «ድንበራችንን ጠብቂ» ተተርጉሞ ተነበበ።

«የቱን ድንበር?» አለ አንድ ሰው ከሱዳን ጠረጴዛ።

ልጅቷ ወጣች። የሐበሻ ቀሚስ፣ ወገቧ ላይ ጥለት፣ እጇ ላይ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጦር። ስትጀምር የዘፈነችው «ነጩን አጥፊው!» እያለች ነው። መጀመሪያ ደንግጣ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ላይም አጥፊው አለች፤ ሦስተኛው ላይም። ዓይኗ አዳራሹ ውስጥ እኔን ይፈልግ ነበር። የእኛን ጠረጴዛ ነገሩ ደስ ብሎታል፤ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ፎከሩ።

ግጥሙ አልቆ ልጅቷ ወደ አዝማቹ ስትገባ፣ ቃል አልባ ሆኖ «ሌ ሌ ያ ሌ» እያለ የሚወርደው ቦታ ላይ፣ የሱዳን ጠረጴዛ በሙሉ አብሮ ማጨብጨብ ጀመረ። ማጨብጨብ ብቻ አይደለም፤ ጣታቸውን እያስጮሁ ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሱ። አንድ ትልቅ ጥምጥም ያደረጉ ሰውዬ ቆመው፣ «ይህ የእኛ ነው! ይህ የኦምዱርማን ነው!» አሉ። ከኤርትራ ጠረጴዛ አንዲት ሴትዮ፣ «የእናንተ? ይህ እኛ ጋ የታወቀ ነው!» አለች። ሶማሌዎቹ ሲስቁ ቆይተው እነሱም ተነሱ። ከምድር ቤት የወጣውን የአንሶላ ዘፈን በሦስት ደቂቃ ውስጥ አራት አገር ወለደው። አንድም ሰው ከከተማው መጦሪያ ቤት ሊሆን ይችላል ብሎ አልገመተም።

ያን ጊዜ ከሱዳን ጠረጴዛ መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ተነሳች። ያቺ አብራኝ የሠራችው ናት። እንደምትመጣ አላወቅኩም ነበር። ጥምጥም ወዳደረጉት ሰውዬ ዞራ በዓረብኛ፣ «ሐጂ፣ ይቀመጡ። የኦምዱርማን አይደለም፤ የልብስ ማጠቢያችን ነው» አለቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከርቀት፣ በአዳራሹ መሀል፣ ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ አንሶላ እንደሚይዝ ሰው ጣቶቿን ጨበጠች።

ሁለተኛው ጥፋቴ ይህ ነው። አዝማቹ የእሷ ነው። አንድ ሰኞ ትከሻዋን አሟት፣ ክንዷን ባነሳች ቁጥር ሕመሙን ለመርሳት የምታንጎራጉረው ነበር፤ እኔ ግጥሙን ይዤ ስመጣ እሷ ያንን ይዛ ጠበቀችኝ። ኮሚቴው ፊት ግን «እኔ ነኝ ያወጣሁት» ያልኩት እኔ ነኝ። «እኛ ነን» አላልኩም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ድምፅ መስጠት ተጀመረ። ለራስ መስጠት ስለማይቻል እያንዳንዱ አገር ለጎረቤቱ መስጠት ነበረበት። ኢትዮጵያ ለሱዳን አልሰጠችም። ሱዳን ለኢትዮጵያ አልሰጠችም። ኤርትራ ለሁለቱም አልሰጠችም። ሶማሊያ ለኬንያ፣ ኬንያም ለሶማሊያ አልሰጡም። ሁሉም ከአገሩ ጋር ድንበር የማይነካ አገር ሲፈልግ ቡሩንዲን አገኘ። ቡሩንዲ በከፍተኛ ድምፅ አሸነፈች። ከቡሩንዲ የመጡት ሦስት ወጣቶች ነበሩ፤ ጎበዞችም ነበሩ፤ ይህን ያህል ለምን እንደተወደዱ ግን አልገባቸውም። ለእኛ የደረሰን «ምርጥ የሕዝብ ዜማ» የሚል ሰሌዳ ነው።

አበልጄን ያገኘኋት መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ሰሌዳውን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀበቶ እያሰረችለት ነበር።

«ስሜ የት አለ?» አልኳት።

«የምን ስም?»

«የእኔ ስም፣ አበልጄ። ፋኖስ የያዝሽለት ስም።»

ዙሪያዋን አየች። «እዚህ ሰው መሀል… ተይ እንጂ። የአንቺ ነው ብንል ማን ይሰማዋል? የአንሶላ ዘፈን! የሕዝብ ሲሆን እኮ ክብር አለው።»

«የእኔ ሲሆንስ?»

«የአንቺ ሲሆን የአንቺ ብቻ ነው።»

ልጅቷ ጦሩን ይዛ መጣች። አልቅሳ ኩሏ ፊቷ ላይ ወርዷል። «አንቲ፣ እጠፊው ልል ነበር እኮ። ማሚ ናት በቡክሌቱ የተጻፈው አይቀየርም ያለችኝ።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «ማሚ፣ ኢትስ ሀር ሶንግ። አብረን አንሶላውን አጥፈነዋል!»

«አንቺ ዝም በይ፤ መኪና ውስጥ ግቢ።»

«አንድ መስመር ነው» አልኳት ለአበልጄ። «ሰኞ ዕለት ቢሮአቸው ደውለሽ አንድ መስመር አስተካክይ። የእኔንም የሱዳናዊቷንም ስም አስገቢ።»

«የማን?» አለች። በዚህ ጊዜ በእርግጥ ደነገጠች። «ሱዳን? ዶክተሩን ልናዋርድ ነው? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእኛ ነው ካልን በኋላ ግማሹ የሱዳን ነው ልንል? አንቺ አገር አለሽ?»

«ካርቱም በነበርን ጊዜ አንድ ክፍል ነበረን» አልኳት።

መኪናዋን አስነሳች። መስታወቱን ዝቅ አደረገችና፣ «ጉልበትሽን በረዶ አድርጊበት» አለችኝ። ሄደች።

አንድ ወር ጠበቅኩ። ይቅርታ እስክትጠይቅ አልነበረም፤ እስክትደውል ብቻ ነው። በመሀሉ የውድድሩ አዘጋጆች ዘፈኖቹን በድረ ገጻቸው ላይ አወጡ። የእኛው ላይ «የሕዝብ፣ ኢትዮጵያ» የሚል ነበር፤ ከሥሩ የዶክተሩ ትንታኔ ከነድንበሩ። ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አበልጄን አየኋት፤ ነጠላዋን አስተካክላ በሌላ በር ገባች።

ከዚያ ሱዳናዊቷን ይዤ አዘጋጆቹ ቢሮ ሄድኩ። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። ጠረጴዛ ጀርባ የነበረችው ልጅ ኮምፒውተሯን ተመለከተችና፣ «ይህ እኮ ባለቤት የለውም» አለች።

«ባለቤቶቹ እኛ ነን።»

«ገብቶኛል። ግን ያስመዘገበው አገር ደራሲ የለውም ብሎ ፈርሟል። የዘንድሮውን መለወጥ የሚችለው የፈረመው ሰው ብቻ ነው።»

«ካልለወጠችውስ?»

ልጅቱ ደንቡን ገልጣ አነበበች። «ጥንታዊ የሕዝብ ዜማ ከሆነ ለማንም አገር ክፍት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማንኛውም ቡድን አዲስ ማመልከቻ ሊያስገባበት ይችላል። እዚያ ላይ የራሳችሁን ስም መጻፍ ትችላላችሁ። አገር ግን አንድ ብቻ ነው የሚመረጠው።»

ሱዳናዊቷ በዓረብኛ ጠየቀችኝ። «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ የእናንተ ሰዎች ይቀበሉናል?»

«የእኛ ሰዎች ዘንድ ዘፈኑ ጦርነት ላይ ነው» አልኳት። «የእናንተስ?»

«ሐጂውን እኔ አናግራቸዋለሁ። ባለቤቱ መጣ ከተባሉ ይቀመጣሉ።»

የቢሮዋ ልጅ ወረቀቱን ሰጠችን። አገር የሚለው ላይ ሱዳናዊቷ «ሱዳን» ብላ ጻፈች። ደራሲ የሚለው ላይ መጀመሪያ የእሷን ስም፣ ቀጥዬ የእኔን ጻፍኩ። ጽሕፈቴ እንደ አበልጄ አያምርም፤ ይነበባል ግን። ስሞቹ ከመስመሩ ስለረዘሙ የእኔ መጨረሻው ታጥፎ ኅዳጉ ላይ ወጣ።

ክረምቱን ሳሎኔ ውስጥ ተለማመድን። የክርስትና ልጄ ለእናቷ ቤተ መጻሕፍት ነኝ እያለች ትመጣና ድራየሩን በጠረጴዛ ላይ ትመታልን ነበር፤ ሁለት ቶሎ፣ አንድ ዘግየት። ለእሷ አስቸጋሪ የነበረው ማነከሱን መማር ነው።

በተከታዩ ግንቦት፣ ቅዳሜ፣ በዚያው አዳራሽ፣ ለሱዳን ዘፈንኩ። አንሶላውን ከቤቴ ይዤ ሄድኩ። ጫፉን ያዘችልኝ። አስተዋዋቂዋ ሁለታችንንም በስማችን ጠራችን። አበልጄ ከአበባ ማስቀመጫው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሦስተኛ ወጣን። ማታ ደወለች፤ አላነሳሁም።